ምሥራቅና ምዕራብ በአንድ ገመድ

በአዲስ አበባ ከአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ላይ ወጥቶ የሰፈሩን ጣራ ቁልቁል የተመለከተ ሰው፣ በየቆርቆሮው ላይ እንደ ክረምት እንጉዳይ የፈሉትን ዲሾች ያያል። ጥቂት አተኩሮ የተመለከተ እንደ ሆነም አንድ ነገር ያስገርመዋል። በብዙ ቤት ላይ ያለው ዲሽ አንድ ሳይሆን ሁለት ነው። ሁለቱም በአንድ ጣራ ላይ፣ ለአንድ ቤተ ሰብ የተተከሉ ሲሆኑ፣ እንደ ተኳረፉ ባልና ሚስት ጀርባ ለጀርባ ተሰጣጥተው ይታያሉ። አንደኛው ወደ ምሥራቅ ሰማይ ቀና ብሎ ያንጋጥጣል፤ ሁለተኛው ወደ ምዕራብ ዘንበል ብሎ ያያል። ወደ ሳሎን የሚገባው ገመድ ግን አንድ ብቻ ነው።

እንግዲህ ሁለት ዐይኖች በተቃራኒ አቅጣጫ እያዩ፣ ያዩትን ሁሉ በአንድ ጅማት ለአንድ አእምሮ ሲልኩ ምስሉ ስለ ምን አይምታታም? ጥያቄው የዲሽ ባለሙያ ጥያቄ ብቻ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ምንጮችን በአንድ መንገድ ማምጣት የሚፈልግ ሰው ሁሉ፣ በሳሎንም ሆነ በቢሮ፣ ይኸው ጥያቄ አንድ ቀን ይገጥመዋል።

ያገራችን ሰው «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል። ደግሞ መለስ ይልና «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይላል። ሁለቱ ተረቶች እርስ በርሳቸው የሚጣሉ ይመስላሉ። ሁለት መሆን መቼ ኀይል እንደሚሆን፣ መቼስ እንቅፋት እንደሚሆን ለይቶ ለማወቅ ግን ከጣራችን ላይ ያሉት ዲሾች ማለፊያ አስተማሪዎች ናቸው።

ቆሞ የሚታየው ጣቢያ

ዲሽ የሚያየው በሰማይ ላይ የቆመ ጣቢያ ነው። «የቆመ» ስንል ግን ለእኛ ዐይን ነው እንጂ በእውነቱ ሳተላይቱ ይሮጣል። ከምድር ወገብ በላይ 35,786 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የሚዞር ሳተላይት፣ ምድር በራስዋ ዛቢያ አንድ ጊዜ በምትዞርበት ጊዜ እርሱም አንድ ዙር ይጨርሳል። ስለዚህ ከምድር ሆኖ ለሚያየው ሰው ሁልጊዜ ከአንድ ስፍራ የማይነቃነቅ ይመስላል። እንግሊዛዊው ጸሐፊ አርተር ክላርክ እንዲህ ያሉ ሳተላይቶች ለዓለም ሁሉ የሬዲዮና የቴሌቪዥን ማስተላለፊያ ሊሆኑ እንደሚችሉ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1945 በጽሑፍ ገልጾ ነበር። በዚያን ጊዜ አንድም ሳተላይት በሰማይ ላይ አልነበረም።

አሳቡ ሥራ ላይ እስኪውል ሃያ ዓመት አልፈጀም። በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ሲንኮም 3 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት በዚህ ከፍታ ላይ ተቀመጠ፤ የቶኪዮ ኦሎምፒክን ሥዕልም ከጃፓን ወደ አሜሪካ አሻገረ። በዚያው በቶኪዮ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. አበበ ቢቂላ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሴኮንድ ሮጦ ለሁለተኛ ጊዜ ወርቅ ወሰደ። ያገራችን ቴሌቪዥንም ሥርጭቱን የጀመረው በዚያው በ1957 ዓ.ም. ነው። ያን ጊዜ በየጣራው የሚታየው የብረት ጣቶች የተደረደሩበት አንቴና ነበር። ዲሽ በየቤቱ የገባው ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

እነዚህ የቆሙ ሳተላይቶች ሁሉ በምድር ወገብ አናት ላይ በአንድ መሥመር ስለሚደረደሩ፣ እያንዳንዳቸው እንደ ቤት ቁጥር ያለ የዲግሪ አድራሻ አላቸው። ለእኛ አገር ተመልካች ሁለቱ ዋና አድራሻዎች የታወቁ ናቸው። የመጀመሪያው በምዕራብ 7 ዲግሪ ላይ ያለው ናይልሳት ነው። ይህ የግብፅ ሳተላይት ሲሆን የመጀመሪያው ወደ ሰማይ የተላከው በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1998 ነው። ሁለተኛው በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ያለው ኤን.ኤስ.ኤስ. 12 ሲሆን፣ ኢትዮሳት የተባለው ያገራችን የቴሌቪዥን ጣቢያዎች ስብስብ የተሰናዳው በዚህ ላይ ነው። ሳተላይቱ ኤስ.ኢ.ኤስ. የተባለው የሉክሰምበርግ ኩባንያ ንብረት ነው።

አዲስ አበባ ያለችው በምሥራቅ 39 ዲግሪ አጠገብ ነው። ስለዚህ ኢትዮሳት ከእኛ በስተ ምሥራቅ፣ ናይልሳት ከእኛ በስተ ምዕራብ ይሆናሉ። ሒሳቡን ለሠራ ሰው፣ ከአዲስ አበባ ላይ ሆኖ ኢትዮሳትን የሚፈልግ ዲሽ ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ አድልቶ፣ ከአድማስ 66 ዲግሪ ያህል ቀና ብሎ ማየት አለበት። ናይልሳትን የሚፈልገው ደግሞ ወደ ምዕራብ ዞሮ ከአድማስ 37 ዲግሪ ያህል ብቻ ቀና ይላል። በሁለቱ እይታ መካከል ከ70 ዲግሪ የሚበልጥ ስፋት አለ። በየጣራው ላይ የምናየው የመኳረፍ መልክ የመጣው ከዚህ ነው።

ምርጫው

ከ2012 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ያገራችን ጣቢያዎች ወደ ኢትዮሳት ሲዛወሩ፣ በየቤቱ አንድ ከባድ ምርጫ ተደቀነ። ዲሹን ወደ ምሥራቅ ያዞረ ሰው ያገሩን ዜና፣ ያገሩን ድራማ፣ ያገሩን ቋንቋዎች ያገኛል፤ የለመደውን የውጭ ፊልምና የዓለም ዜና ግን ያጣል። ባለበት የተወው ደግሞ የውጭውን እንደ ያዘ ያገሩን ያጣል። በአንድ ቤት ውስጥ አያት የእሑድ ቅዳሴን፣ አባት የሁለት ሰዓት ዜናን፣ ልጆች የዐረብ ጣቢያዎች የሚያሳዩትን የውጭ ፊልም ሲሹ፣ ዲሹን ማዞር ማለት ከቤተ ሰቡ አንዱን ወገን ዝም ማሰኘት ነው።

አንድ ዲሽ ሁለቱንም እንዲያይ ስለ ምን አይደረግም? ቢባል፣ መልሱ ዲሽ የተሠራው አጥብቦ እንዲያይ ነው የሚል ይሆናል። ስፋቱ 90 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዲሽ የሚያየው የሰማይ ክፍል 2 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው። ይህም ክንዱን የዘረጋ ሰው በአውራ ጣቱ የሚሸፍነውን ያህል ነው። ከሳተላይት የሚደርሰው ኀይል እጅግ ደካማ ስለ ሆነ፣ ዲሹ ከሌላው አቅጣጫ ሁሉ ዐይኑን ጨፍኖ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ካላየ አያገኘውም። ሁለት ሳተላይቶች በጥቂት ዲግሪ ብቻ የተራራቁ ሲሆኑ፣ በአንድ ዲሽ ፊት ሁለት ኤል.ኤን.ቢ. ጎን ለጎን አስሮ ሁለቱንም መቀበል ይቻላል። ምሥራቅና ምዕራብ ላይ ላሉት ለእኛዎቹ ግን ይህ ብልሃት አይሠራም። ስለዚህ ሁለት ዲሽ ግድ ነው።

ሁለት ዲሽ ከተተከለ በኋላ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ ይኸውም የሁለቱ ገመድ እንዴት ይገናኝ? የሚለው ነው። ማገናኛው መንገድ ሦስት ነው፦ ማደባለቅ፣ ድርሻ መለየትና ተራ መስጠት።

ማደባለቅ

ለሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚታየው የመጀመሪያው መንገድ ነው። ሁለቱን ገመዶች በአንድ መጋጠሚያ አገናኝቶ እንደ ሁለት ጅረት ወደ አንድ ወንዝ ማፍሰስ ቀላል ይመስላል። የዚህን መንገድ ችግር አጥርቶ ለማየት ግን ከዲሽ ወደ ቀድሞው ባለ ጣት አንቴና መመለስ ይጠቅማል፤ በእርሱ ላይ የተደረገው ሙከራ ረጅም ዕድሜ አለውና። ይህን አንቴና በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1926 ያስታወቁት በጃፓን በሰንዳይ ከተማ ያሉ ሁለት የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሺንታሮ ኡዳና ሂደትሱጉ ያጊ ነበሩ። ዛሬም በብዙ አገር ከመሬት ጣቢያ የሚተላለፈውን ቴሌቪዥን ለመቀበል ያገለግላል።

ከእነዚህ አገሮች አንዷ አሜሪካ ናት። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት፣ በዋሽንግተን አጠገብ ባለችው በሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ያለ አንድ ቤተ ሰብ፣ ወርኃዊ ክፍያ ሳይከፍል በአንቴና ብቻ ቴሌቪዥን ማየት ይፈልጋል እንበል። የዋሽንግተን ዋና ዋና ጣቢያዎች ማማ በደቡብ ምዕራብ በኩል ከ10 ኪሎ ሜትር ባነሰ ርቀት ላይ ነው። የባልቲሞር ጣቢያዎች ማማ ደግሞ በሰሜን ምሥራቅ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። በባልቲሞር ያለው ኮረብታ ስሙ ራሱ «የቴሌቪዥን ኮረብታ» ነው፤ በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1959 ሦስት ጣቢያዎች በአንድነት አንቴናቸውን የሰቀሉበት ትልቅ ማማ ተሠርቶበታል። እንግዲህ ይህ ቤተ ሰብ የሁለቱን ከተሞች ጣቢያዎች ለማየት ቢሻ አንዱን አንቴና ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ ሌላውን ወደ ሰሜን ምሥራቅ ያዞራል ማለት ነው። እንደ እኛ ጣራ ዲሾች እነዚህም ጀርባ ለጀርባ ይቆማሉ።

የሁለቱን ገመድ በመጋጠሚያ ቢያደባልቅ ሁለት ጉዳት ይደርስበታል።

የመጀመሪያው ጉዳት የኀይል ነው። ሁለት የማይመሳሰሉ ሞገዶች በእንዲህ ያለ መጋጠሚያ ሲገናኙ፣ ከእያንዳንዱ ግማሹ በዚያው በመጋጠሚያው ውስጥ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። ቅርብ ለሆነው ለዋሽንግተን ጣቢያ ግማሽ ቢቀርበት ግድ የለውም፤ የተረፈው ይበቃዋል። ከሩቅ ደክሞ ለመጣው ለባልቲሞር ጣቢያ ግን ያ ግማሽ ሕይወቱ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጉዳት ከዚህ ይብሳል። አንቴና ከፊት ለፊቱ አጥርቶ ይሰማል እንጂ በጀርባው ፈጽሞ ደንቆሮ አይደለም። ወደ ባልቲሞር የዞረው አንቴና፣ የዋሽንግተን ጣቢያ ቅርብና ብርቱ ስለ ሆነ፣ በጀርባው ጥቂት ይሰማዋል። ስለዚህ አንዱ የዋሽንግተን ጣቢያ በሁለት መንገድ፣ በአንደኛው በርትቶ፣ በሁለተኛው ደክሞና ዘግይቶ፣ ወደ አንዱ ገመድ ይገባል። ሁለቱ ሲገናኙ እንደ ገጠማቸው ይሆናሉ። ጫፍ ለጫፍ ከተጋጠሙ ይደጋገፋሉ፤ የአንዱ ጫፍ ከሌላው ጎድጓዳ ጋር ከተጋጠመ ይጠፋፋሉ። ፍሪኩዌንሲው 600 ሜጋኸርዝ የሆነ ጣቢያ የሞገዱ ርዝመት 50 ሴንቲ ሜትር ነው። የሁለቱ መንገዶች ልዩነት በ25 ሴንቲ ሜትር ብቻ፣ ማለትም ከአንድ ስንዝር ጥቂት በሚበልጥ ልክ፣ ቢለወጥ መደጋገፉ ወደ መጠፋፋት ይገለበጣል። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ የሞገድ ርዝመት ስላለው ደግሞ፣ ለአንዱ ጣቢያ የተስማማው ልክ ለሌላው አይስማማም። ባለቤቱ አንቴናውን አንድ ስንዝር ቢያንቀሳቅስ አንድ ጣቢያ ያገኝና ሌላ ያጣል። ጣራ ለጣራ ሲመላለስ ይመሻል።

በድሮው ቴሌቪዥን ይህ ጉዳት በዐይን ይታይ ነበር። ዜና አንባቢው ከጎኑ እንደ ጥላ ያለ ሁለተኛ ራሱን ይዞ ይቀርብ ነበር። በአሜሪካ ትልልቆቹ ጣቢያዎች የድሮውን ሥርጭት በኤውሮፓ አቆጣጠር ጁን 12 ቀን 2009 አቁመው ወደ ዲጂታል ከተሻገሩ ወዲህ ጥላው የለም። የዲጂታል መቀበያ ዘግይቶ የመጣውን ድምፅ ለማረም ይታገላል፤ እስከ ቻለ ድረስም ምስሉ እንከን የለበትም። ከዐቅሙ በላይ ሲሆን ግን ምስሉ በድንገት እንደ ጥልፍ ሰሌዳ ይቆራረጥና ይቆማል። ድሮ ስሕተቱ ራሱን እያሳየ ያስጠነቅቅ ነበር፤ ዛሬ ስሕተቱ ተደብቆ ይቆይና አንድ ቀን ሁሉን ይዞ ይወድቃል።

እንግዲህ «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው ተረት ውሸት ነውን? አይደለም። ሁለት አንድ ዓይነት አንቴናዎች ወደ አንድ አቅጣጫ ቢዞሩና ገመዳቸው እኩል ቢሆን፣ በዚያው መጋጠሚያ ሲገናኙ የሚቀበሉት ኀይል ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱም አንዱን ጣቢያ በአንድ ጊዜ ስለሚሰሙ ይደጋገፋሉ። መደባለቅ የሚጠቅመው ዓላማቸው አንድ ለሆነ ሁለት ነው። ዓላማቸው ሁለት የሆነውን ያደባለቀ ሰው ግን በሁለት እግሩ ሁለት ዛፍ ለመውጣት የሞከረ ሰው ነው።

ድርሻ መለየት

ሁለተኛው መንገድ ለእያንዳንዱ አንቴና ድርሻውን ለይቶ መስጠት ነው። የቴሌቪዥን ሞገዶች አንድ ወጥ አይደሉም። በአሜሪካ ለምሳሌ ያህል ከ7 እስከ 13 ያሉት ቻናሎች ከ174 እስከ 216 ሜጋኸርዝ ባለው ክልል ሲገኙ፣ ከ14 ጀምሮ ያሉት ከ470 ሜጋኸርዝ በላይ ናቸው። በአንዱ አቅጣጫ የሚፈለጉት ጣቢያዎች ሁሉ በታችኛው ክልል፣ በሌላው አቅጣጫ የሚፈለጉት ሁሉ በላይኛው ክልል ቢሆኑ፣ ሁለቱን የሚለይ ማጣሪያ ያለበት ማገናኛ ይገጠማል። ይህ ማገናኛ ከአንደኛው አንቴና የታችኛውን ክልል ብቻ፣ ከሁለተኛው የላይኛውን ብቻ ያሳልፋል። ያለ ድርሻው የመጣውን ከበር ይመልሰዋል። ስለዚህ ግማሽ ኀይል አይቃጠልም፤ አንድ ጣቢያም በሁለት በር አይገባም።

ይህ መንገድ ከሁሉ የሚያምር ነው። ሁለቱ በአንድ ገመድ፣ በአንድ ጊዜ፣ ሳይነካኩ ይጓዛሉ። ጉድለቱ ግን ድርሻው አስቀድሞ የተለየ መሆን አለበት። ከሁለቱም አቅጣጫ በአንድ ክልል ውስጥ የሚመጡ ጣቢያዎች ያሉ እንደ ሆነ ማጣሪያው ወዳጅን ከባዕድ ሊለይ አይችልም።

ከላይ የተነሡት የእኛ ዲሾች ችግርም ይኸው ነው። በዲሹ ፊት የምትቀመጠው ኤል.ኤን.ቢ. ከሰማይ የመጣውን ከ10,700 እስከ 12,750 ሜጋኸርዝ የሚደርስ ከፍተኛ ሞገድ፣ በገመድ ለመውረድ እንዲመች ዝቅ አድርጋ ከ950 እስከ 2,150 ሜጋኸርዝ ወዳለው ክልል ታመጣዋለች። የምሥራቁም ኤል.ኤን.ቢ. እንዲሁ ታደርጋለች፤ የምዕራቡም እንዲሁ። ሁለቱም የሚወርዱት በአንዱ ክልል ነው። በአንድ ገመድ ላይ ቢደባለቁ በአንድ ወንበር ላይ ሁለት ሰው እንደ ማስቀመጥ ይሆናል።

ተራ መስጠት

ስለዚህ ለዲሾቻችን የተገኘው መፍትሔ ሦስተኛው መንገድ ነው። በጣራው ላይ፣ ከሁለቱ ኤል.ኤን.ቢ. የሚመጡት ገመዶች የሚገቡባት የመዳፍ ግማሽ የምታህል ዕቃ አለች። ባለሙያዎቹ «ዳይሴክ» ይሏታል። ብዙውን ጊዜ አራት መግቢያና አንድ መውጫ አላት። አሠራሯን ያሰናዳው ኢዩቴልሳት የተባለው የኤውሮፓ የሳተላይት ድርጅት ሲሆን፣ በሥራ ላይ የዋለውም በኤውሮፓ አቆጣጠር በ1990ዎቹ ዓመታት ነው።

ዳይሴክ አታደባልቅም። በር ትከፍታለች፤ በር ትዘጋለች። አንድ ሰው በሪሞት የኢትዮሳትን ቻናል ሲነካ፣ ሪሲቨሩ ምስል በሚወርድበት በዚያው ገመድ ወደ ጣራው አጭር ትእዛዝ ይልካል። ትእዛዙ 22,000 ጊዜ በሴኮንድ የሚርገበገብ ድምፅ አልባ ምልክት ተቆራርጦ የተጻፈ ነው፤ ትርጕሙም «የመጀመሪያውን በር ክፈት» ማለት ነው። ዳይሴክ ትሰማለች፣ የምዕራቡን ትዘጋለች፣ የምሥራቁን ትከፍታለች። ይህ ሁሉ የሚፈጸመው ዐይን እስኪጨፈን ባለ ጊዜ ውስጥ ነው። ለኤል.ኤን.ቢ. የሚያስፈልገው የኤሌክትሪክ ኀይልም በዚያው ገመድ ይወጣል። ኀይሉ 13 ቮልት ሲሆን ቆሞ የሚወዛወዘውን ሞገድ፣ 18 ቮልት ሲሆን ተኝቶ የሚወዛወዘውን ሞገድ እንድታነሣ ትታዘዛለች። አንዲት ቀጭን ገመድ ምስል ታወርዳለች፣ ኀይል ታወጣለች፣ ትእዛዝም ታደርሳለች ማለት ነው።

በዚህ ዐይነት ምሥራቅና ምዕራብ በአንድ ገመድ ይኖራሉ። በአንድ ጊዜ ግን አይናገሩም። ለቤተ ሰቡ ሁለቱም አሉት፤ ሪሲቨሩ ግን በማናቸውም ቅጽበት የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው።

በየቤቱ የሚነሣው ጠብ

ይህን አሠራር ያወቀ ሰው ገንዘቡንም ሰላሙንም ያተርፋል። በየቤቱ ከሚገጥሙት ነገሮች ጥቂቱን እንጥቀስ።

አንደኛው የበር ቁጥር መሳሳት ነው። በጣራው ላይ የኢትዮሳት ገመድ በ1ኛው መግቢያ፣ የናይልሳት በ2ኛው ገብቶ ሳለ፣ በሪሲቨሩ ውስጥ የተሞላው ቁጥር የተገለበጠ እንደ ሆነ «ሲግናል የለም» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ ወደ ጣራ ይወጣና በደኅና የቆመውን ዲሽ ነቅንቆ ያበላሻል። ስሕተቱ ግን ሳሎን ውስጥ፣ በሪሞት በሚስተካከለው ማውጫ ላይ ነበር። ከጣራ በፊት ማውጫውን መመርመር ይገባል።

ሁለተኛው የሁለት ቴሌቪዥን ጠብ ነው። ሳሎንና መኝታ ቤት ሁለት ሪሲቨር ያለው ሰው አንዱን ገመድ በማከፋፈያ ከፍሎ ለሁለቱም ይሰጣል። አባት በሳሎን ዜና ሲከታተል፣ ልጅ በመኝታ ቤት ሌላ ቻናል ይነካል። በዚያው ቅጽበት የአባት ቴሌቪዥን ይጠፋል። «ማነው የነካው?» የሚል ቁጣ ከሳሎን ይሰማል፤ ልጁም እውነቱን «እኔ የራሴን ነው የነካሁ» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አንዱ ሪሲቨር ለምሥራቁ ሲያዝ ሌላው ለምዕራቡ አዟል፤ አንዱ 13 ቮልት ሲልክ ሌላው 18 ልኳል። አንዲት ዳይሴክ ለሁለት ጌቶች ልትገዛ አትችልም። መድኃኒቱ በየዲሹ ባለ ሁለት መውጫ ኤል.ኤን.ቢ. አስገብቶ፣ ለእያንዳንዱ ሪሲቨር የራሱን ዳይሴክና የራሱን ገመድ መስጠት ነው።

ሦስተኛው የክረምት ነገር ነው። በዚህ ከፍተኛ ሞገድ ላይ ብርቱ ዝናብ ኀይል ይቀንሳል። ናይልሳትን የሚያየው ዲሽ ዝቅ ብሎ ስለሚያይ ሞገዱ በዝናቡ ውስጥ የሚጓዘው መንገድ የኢትዮሳትን አንድ ጊዜ ተኩል ያህላል። ስለዚህ ሌላው ሁሉ እኩል ቢሆን በነሐሴ ዶፍ መጀመሪያ የሚጠፋው የምዕራቡ ነው። ዝናቡ ሲያባራ ይመለሳልና ባለሙያ ለመጥራት መቸኰል አያስፈልግም። ዝናቡ ካባራ በኋላም ያልተመለሰ እንደ ሆነ ግን በገመዱ ራስ ወይም በዳይሴክዋ ውስጥ ውሃ ገብቶ እንዳይሆን መጠርጠር ነው።

በመጨረሻም ገመድ ከመፈታቱ በፊት ሪሲቨሩ ከኤሌክትሪክ ይነቀል። በገመዱ ውስጥ ያለው ቮልት ሰውን ለመግደል የሚበቃ አይደለም፤ መካከለኛው ሽቦ ከውጭኛው ጋር የተነካካ እንደ ሆነ ግን ሪሲቨሩን ሊያቃጥል ይችላል።

ዳኛውና ዳይሴክዋ

ይህ ሁሉ ስለ ጣራ ዕቃ የተነገረ ቢሆንም፣ ገና ከትምህርት ቤት ወጥቶ በቢሮ ወንበር ላይ ለተቀመጠ ወጣት ሌላም ትርጉም አለው። በጠረጴዛው ላይ በአንድ ጉዳይ ሁለት ተቃራኒ ጽሑፎች ይመጡለታል። አንዱ ከባለ ጉዳዩ፣ ሌላው ከተከሰሰው ክፍል ነው። ሲቸኩል ሁለቱንም ባንድነት ይገረብና ከየፊናው ቆንጥሮ አንድ ማስታወሻ ይጽፋል። ማስታወሻው የሁለቱንም ግማሽ ያጣ ነው። ድምፁ ቅርብና ብርቱ የሆነው ክፍል፣ ቢሮው ከፎቁ በላይ ያለው ባለ ሥልጣን፣ ግማሹ ቢቀርበትም ይሰማል። ከሩቅ ወረዳ ደክሞ የመጣው ገበሬ ግን ግማሹ ሲቀርበት ድምፁ ሁሉ ይጠፋል። ልክ እንደ ባልቲሞሩ ጣቢያ ነው።

አባቶቻችን በዛፍ ጥላ ሥር ሲሟገቱ ይህን ያውቁ ነበር። ከሳሽ ቆሞ ነገሩን እስኪፈጽም ተከሳሽ ዝም ይላል፤ ከዚያም ተራው ይለወጣል። ዳኛው ሁለቱን ባንድነት አይሰማም። ሁለቱንም ይሰማል፤ ግን በተራ ይሰማል። አንዱ ሲናገር ሌላውን የሚዘጋው ሊንቀው አይደለም፤ ተራው ሲደርስ ሙሉ ድምፁን ሊሰጠው ነው። የዳይሴክዋም ሥራ ይኸው ነው። በር ስትዘጋ ታዳላለች እንዳይባል፣ ሌላውን በር በሙሉ ትከፍታለች።

ጠቃሚ ሆኖ ከተገኘ ድርሻን መለየትም መልካም ነው። የገንዘቡን ጉዳይ ከሒሳብ ክፍል፣ የሕጉን ጉዳይ ከሕግ ክፍል የሚሰማ ሹም ሁለቱን በአንድ ገመድ ሳያጋጭ ያመጣል። ነገር ግን ሁለቱ በአንዱ ጉዳይ ላይ የሚናገሩ ሲሆኑ ማጣሪያ አይበቃም፤ ተራ ያስፈልጋል።

ዳይሴክ ግን አንድ ድካም አለባት፤ እርሷም የእኛው ድካም ናት። በራሷ አሳብ በር አትለውጥም። ሰው በሪሞት ካላዘዛት በከፈተችው በር ላይ ዓመት ሙሉ ትቆያለች። በስንት ቤት ሁለተኛው ዲሽ ከተተከለ ወዲህ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይከፈት፣ ለዝገትና ለርግብ ማረፊያ ሆኖ ቆሟል! ገመዱ አለ፣ በሩ አለ፣ ድምፁም ከሰማይ ሳያቋርጥ ይወርዳል። ባለቤቱ ግን ሁለት ዲሽ አለኝ እያለ ሲኮራ የሚሰማው አንዱን ብቻ ነው። ሁለቱን ወገን የመስማት ዕድል ያለው ሰው፣ በእጁ ያለውን ሪሞት አንሥቶ ሌላውን በር መክፈት የእርሱ ፈንታ ነው።